ሙጫ

ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣
ደንበኛው ውጭ ይቆማል፣ እጁ ብቻ ሲገባ።
በዚያች ቀዳዳ ነው ዓለምን የማየው፣
ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ከኪስ ወድቆ፣ ሲሰበር የምለየው።

ዱካሞ ከአሞራ ገደል መጣ በማለዳ፣
ክንዱ ላይ የቆሮሶ ቅርፊት፣ ትከሻው ላይ የመረብ ዕዳ።
«ልጄ ናት የላከችልኝ» አለ፣ «ከአዳማ፤
ዋጋውን አልነገረችኝም፣ እኔም አልሰማ።
ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ ኪስ ውስጥ እንደሌለ ይቀላል፤
ግን አያውቀኝም። በረጠበ ጣት ስነካው ይኮራል፣ ዝም ይላል።
ትናንት ደግሞ ከጀልባ ወድቆ ጠጣ፣
እሱም እንደኔ ሐይቁን ቀምሶ ወጣ።»

እውነቱን ነው። መስታወቱ የሚያውቀው ደረቅ ጣት፣
ቢሮ የዋለ፣ ቅባት የለመደ።
ሐይቅ ላይ ያደረውን፣ ገመድ የላጠውን፣
ውሃ ይሁን ሰው ይሁን መለየት ያቅተዋል።

የድሮዋን ታስታውሳላችሁ? ባለ መብራቷን፣
ቁጥሮቿ የጎማ፣ በጨለማ በአውራ ጣት የሚነበቡ?
ስትወድቅ ሦስት ቦታ ትበታተናለች፣
ክዳን፣ ባትሪ፣ ሆድ፤
ለቅመህ፣ እፍ ብለህ፣ ድንጋይ ላይ አስጥተህ፣
ከሰዓት በኋላ «አቤት» ትላለች።

ይሄኛውን ገለበጥኩት። ብሎን ፈለግሁ፣ የለም።
ስፌት ፈለግሁ፣ የለም። እንደ ዕንቁላል ነው።
ዕንቁላልን እንኳ ጫጩቱ ከውስጥ ይሰብረዋል፣
ይሄን ማን ከውስጥ ያንኳኳል?

ሙጫ ነው።
ውበቱም ቅጥነቱም በሙጫ ነው የተያዘው።

ከዘቢደር ጸጉር ቤት የምዋሰውን ማድረቂያ አነሳሁ፣
ጠርዙን አሞቅሁት፣ የጊታር ክር አስገባሁ።
ዱካሞ አየኝና ሳቀ፣
«ሆዱን እንዳትቀድ!» አለ፣ አሣ እንደሚያርድ ሰው ተጠንቅቆ።

ሙጫው እስኪለሰልስ የሠራውን ሰው አሰብኩት።
ነጭ ጠረጴዛ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም።
የጠርዙን ክብነት በጉንጩ ይለካል፣
ካርቶኑ ሲከፈት ለሚያወጣው ትንፋሽ እንኳ ተጨንቋል፣
ሰው ቀስ ብሎ እንዲከፍት፣ ልቡ እንዲንጠለጠል።
ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ደረቅ ነው እንጂ።
ሐይቅ አያውቅም አልልም፤ ምናልባት ቅዳሜ ይዋኛል፣
ስልኩን ፎጣው ላይ ትቶ።

ተከፈተ።
ውስጡን ባያችሁት! ማንም የማያየውን ውስጡን፣
ታቦር ላይ ወጥቶ ማታ ሐዋሳን እንደማየት፣
መንገዱ ቀጥ ያለ፣ አደባባዩ የተለካ፣
ብሎኖቹ እንደ ሰልፍ ተማሪ አንገታቸው እኩል።
ተናደድኩ። ይህን ያህል ያማረ ነገር
ለምን ከነሕይወቱ ይቀበራል?

ከባትሪው ሥር ግን
ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ክር አገኘሁ፣
ጫፏ ላይ ቀስት የተሳለባት፤ «በዚህ ሳብ» የምትል።
ለማን? ገዢው አይከፍተውም። ሻጩ አይከፍተውም።
ለእኔ ናት።
አንድ ሰው፣ እዚያ ስብሰባ ላይ፣
«ይቅጠን፣ ይለጠፍ፣ ይታሸግ» ሲባል፣
ተከራክሮ፣ ተሸንፎ፣ ይህቺን ጅራት አትርፎ ወጥቷል።
አላየኝም፤ ግን ገምቶኛል።
ሳብኳት። ባትሪው እንደ ወተት ጥርስ ወጣ።

አደረቅሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ለጠፍኩ።
ዱካሞ ግን በእኔ ሥራ አልጨረሰም፤
ከባጃጅ ካላማዳሪ ቆርጦ ጃኬት አለበሰው፣
ጥግ ጥጉን በመረብ ክር ሰፋ፣ በራሱ ቋጠሮ።
ያ በጉንጭ የተለካ ጠርዝ ጎማ ሥር ገባ።
ወፈረ። አስቀያሚ ሆነ። ከእጅ አልወድቅ አለ።
«የጀልባ ምስማር አናቱ አይደበቅም» አለኝ፣
«ነገ የሚነቅለው ሰው አለ።»

ከፌስታሉ ሁለት ቆሮሶ ሲያወጣልኝ ስልኩ ጠራ፤
ልጁ ናት። እጆቹን አየ፣ ሁለቱም ርጥብ።
ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አለና
በአፍንጫው አነሳው።